እርሾውና የባትሪው ድንጋይ

እኛ የመምህርነት ሠልጣኞች ነገ ወደየገጠሩ ት/ቤት ስንመደብ ከሁሉ በፊት የምንይዘው ጠመኔ ነው። ጠመኔው ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ይፈልጋል። ሰሌዳው ሲነጣ ታዲያ ምን ይደረጋል? መልሱን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይሰበሰባል፤ ተማሪዎች ሰብስበው ይቀጠቅጡታል፤ ከውስጡ የወጣው ጥቁር ዱቄት በውሃ ይበጠበጥና በጨርቅ ወይም በባዶ እጅ ይቀባል። ይህ በብዙ የገጠር ት/ቤቶች ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው፤ «በአካባቢ ከሚገኝ ነገር የተዘጋጀ የትምህርት መርጃ» ተብሎም ይመሰገናል።

በዚህ ጽሑፋችን ይህ ልማድ ይቅር ብለን እንከራከራለን። ክርክራችንን የምንጀምረው ግን ከሰሌዳው ሳይሆን ከእርሾው ነው። ምክንያቱም «ብረት ሕይወትን ይመርዛል» ሲባል የሚሰማ ሰው ብዙ ነው፤ እንዴት እንደሚመርዝ ተረድቶ የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። መምህር ደግሞ ሰምቶ ማለፍ አይበቃውም።

እርሾ በአገራችን የማይገባበት ቤት የለም። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ድፍድፉን የሚያስነሳው እርሱ ነው፤ ጠላ በማይጠመቅበት ቤትም ሊጡን ያቦካል፣ ዳቦውን ያስነሳል። እናቶቻችን ሊጡ መነሳቱን፣ ጋኑ መፍላቱን በጆሮና በአፍንጫ ያውቁታል። ሳይንስ ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው በዓይን የማይታይ አንድ ሕዋስ ያለው ፍጡር መሆኑን ያስረዳናል። የዳቦና የጠላ እርሾ አንዱ ሕዋስ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ ቦታ ተከፍሎ አምስቱን እጅ ያህል ነው። ስኳር በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ምግብና ሙቀት ሲመቸው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል።

ከባድ ብረቶች የምንላቸው እነመዳብ፣ ዚንክ፣ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና ሜርኩሪ (ባዜቃ) ናቸው። እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። መዳብና ዚንክ በጣም በጥቂቱ ለሕይወት ያስፈልጋሉ፤ እርሾም ሰውም ያለ እነርሱ አይኖሩም። ሲበዙ ግን መርዝ ይሆናሉ። እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ለእርሾም ሆነ ለእኛ የሚሰጡት አንዳችም የታወቀ ጥቅም የለም።

ብረት እርሾን የሚጎዳበት መንገድ ቢያንስ ሦስት ነው። አንደኛ፣ መዳብ ሲበዛ የሕዋሱን ስስ ሽፋን ይጎዳል፤ በውስጡ የነበረው ፖታሲየም ይፈሳል፤ ሕዋሱ እንደ ተቀደደ አቁማዳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሜርኩሪና ካድሚየም ድኝን አጥብቀው ይይዛሉ። በሕዋስ ውስጥ ሥራ የሚያሠሩት ኢንዛይሞች ደግሞ ብዙዎቹ ድኝ ያለበት ክፍል አላቸው። ብረቱ እዚያ ላይ ሲጣበቅ ኢንዛይሙ እጁ እንደታሠረ ሠራተኛ ቁጭ ይላል። ሦስተኛ፣ አስመሳይነት ነው። ካድሚየም ዚንክን መስሎ፣ እርሳስ ካልሲየምን መስሎ በሌላው በር ይገባል፤ በሌላው ወንበር ይቀመጣል፤ ሥራውን ግን አይሠራም። በዚህ ምክንያት የእርሾው መባዛት ይዘገያል፣ መፍላቱ ይቀንሳል፣ መጠኑ ሲያልፍም ይሞታል።

እርሾም ቢሆን ዝም ብሎ አይሞትም። ብረቱን በግድግዳው ላይ ይዞ ያስቀራል። ድኝ የበዛባቸው ትንንሽ ፕሮቲኖች አዘጋጅቶ መዳቡን ይጠቀልለዋል። ካድሚየሙንም ግሉታታዮን ከተባለ ነገር ጋር አጣብቆ ቫኪዮል ወደሚባለው ከረጢቱ ይጥለዋል፤ ይህን የሚሠራውን ፓምፕ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ለይተው አውቀውታል። በአውሮፓ የወይን እርሻዎች ሻጋታ ለማጥፋት የመዳብ ውሕድ ለረጅም ዘመን ሲረጭ በመኖሩ፣ በወይን ጠጅ እርሾዎች መካከል መዳብን የሚቋቋሙ ዘሮች በዝተው ተገኝተዋል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሕይወት ይለምደዋል» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በመጀመሪያ የማይቋቋሙት እየሞቱ ነው የሚቋቋሙት የበዙት። ሁለተኛም እርሾው ብረቱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ብረት አይበሰብስም፤ አይቃጠልም፤ ቢቀበርም ቢበላም ብረት ነው። ከረጢቱ ሲሞላ ደግሞ መደበቂያው ያልቃል።

«እርሾ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚሉን ጓደኞቻችን መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ1996 የእርሾ የዘር መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ተነቦ ሲያልቅ 6,000 ያህል ጂኖች እንዳሉት ታወቀ። ከእነዚህ ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ ያህሉ በሰው ዘንድ አቻ አላቸው። ካድሚየምን ወደ ከረጢት የሚጥለው ፓምፕ እንኳ በሰው ሕዋስ ውስጥ ዘመድ አለው። ስለዚህ በእርሾ ላይ የምናየው ጉዳት ከእኛ የራቀ ተረት አይደለም።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አራት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አራት ፊኛ፣ የዳቦ እርሾ፣ ስኳር፣ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ኮፐር ሰልፌት ይበቃል። በአራቱም ጠርሙስ እኩል ውሃና እኩል እርሾ ይደረጋል። አንደኛው እንዳለ ይተዋል። ሁለተኛው ላይ የኮፐር ሰልፌት ጥቂት ቅንጣት፣ ሦስተኛው ላይ የሻይ ማንኪያ ሩብ ይጨመራል። አራተኛው ውስጥ የሚገባው እርሾ አስቀድሞ ፈልቶ የሞተ ይሁን፤ «ሙት እርሾ ምን ይመስላል?» ለሚለው ማወዳደሪያ ነውና። ሩብ ሰዓት ቆይቶ በሁሉም ላይ እኩል ስኳር ይጨመርና አፋቸው በፊኛ ይታሰራል። መዳቡ በርከት ያለበት ጠርሙስ ፊኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ሲሰንፍ ተማሪው በዓይኑ ያያል፤ በክር ለክቶም መዝገቡ ላይ ይጽፋል።

እዚህ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያ አለን። አንደኛ፣ ለዚህ ሙከራ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም ካድሚየም አይነካ፤ መዳቡ ይበቃል፤ እርሱም ቢሆን በእጅ አይነካም፣ አይቀመስም፣ የምግብ ዕቃ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ሲያልቅ ወደ ቦይ አይደፋ። ንጹሕ የብረት ሚስማር ቢጨመርበት መዳቡ በሚስማሩ ላይ ቀይ ሆኖ ይለብጣል፤ ይህም ራሱን የቻለ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው። የቀረው በተከደነ ጠርሙስ ይቀመጥ። ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው፦ ከአንድ ወንዝ ወይም ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ እርሾው ደህና ስለፈላ «ውሃው ንጹሕ ነው» ብሎ ለገበሬው መንገር ትልቅ ጥፋት ነው። እርሾ ብዙ ብረት ይችላል፤ ሕፃን ልጅ ግን አይችልም። ለእርሳስ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የታወቀ መጠን እንደሌለ ተናግሯል። የእርሾው ሙከራ ብረት ሕዋስን መጉዳቱን ያስተምራል እንጂ የውሃ መመርመሪያ መሣሪያ አይሆንም።

ብረቶች ሻጋታንና እርሾን የመሰሉ ፍጥረታትን መግደላቸው ሰውን ምን ላይ እንደጣለው ለማወቅ የኢራቅን ታሪክ ማንሳት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1971 ድርቅ ላገኛት ኢራቅ የስንዴና የገብስ ዘር ከውጭ ገባ። ዘሩ ሻጋታ እንዳይዘው በሜርኩሪ ውሕድ የታሸ፣ ለምልክት ያህልም ቀለም የተነከረ ነበር። በከረጢቱ ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ በስፓኝና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር ገበሬው አላነበበውም። ቀለሙን አጥቦ፣ መርዙም አብሮ የታጠበ መስሎት ፈጭቶ ጋገረው። በመንግሥት መዝገብ ብቻ 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ 459ኙ እዚያው ሞቱ። ቀለሙ ታጥቧል፤ ሜርኩሪው ግን በዳቦው ውስጥ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ በኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ ወደ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች፣ ከዚያም ወደ ቦርከና እንደሚገባ፣ በለዮሌም ውሃ ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣ ክሮሚየም፣ ከብረታ ብረት ሥራ የሚመጣ ዚንክ በብዛት መገኘቱ በምርምር ጽሑፎች ተገልጿል። ቦርከና ወደ አዋሽ ይወርዳል እንጂ ወደ ሐይቅ አይመጣም። ታዲያ «እኛ ተርፈናል» ማለት ነው? በእኛ አስተያየት ነገሩ ተቃራኒ ነው። ወንዝ ቢያንስ ያመጣውን ይዞ ይሄዳል፤ የታችኛውን ሰው ይጎዳል እንጂ ከላይኛው ላይ ይወርዳል። የሐይቅ ውሃ ግን በግልጽ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 80 ሜትር የሚደርሰው ይህ ውሃ የገባበትን ይዞ ይቀመጣል። ውሃው በፀሐይ ይተናል፤ ብረት ግን አይተንም። የገባ ብረት ከታች ከደለሉ ጋር ይተኛል እንጂ የትም አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1978 የገባው የቆሮሶ ዓሣ ዘር ተባዝቶ የስንቱ መተዳደሪያ መሆኑን ስናስብ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ሐይቅ የተነገረ ይመስላል።

አሁን ወደ ባትሪው ድንጋይ እንምጣ። በተለመደው ድንጋይ ውስጥ ምን አለ? ከውጭ የዚንክ ቆርቆሮ፣ መካከሉ ላይ የካርቦን ዘንግ፣ በሁለቱ መሐል ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ፣ የካርቦን ዱቄትና የአሞኒየም ወይም የዚንክ ክሎራይድ ጨው። በቀድሞዎቹ ድንጋዮች ቆርቆሮው ቶሎ እንዳይበላ ሜርኩሪ ይጨመር ነበር፤ በዚንኩም ውስጥ ጥቂት እርሳስና ካድሚየም ይደባለቅ ነበር። አሁን አሁን ብዙ ፋብሪካዎች ሜርኩሪውን ትተውታል። ሆኖም ከቆሻሻ መጣያ የተለቀመ፣ ጽሑፉ የተፋቀ ድንጋይ የትኛው ዘመን፣ የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው ተማሪው በምን ያውቃል?

ማንጋኒዙም ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። እውነት ነው፣ ጥቁሩ ዱቄት በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን እርሾ ወዲያው ላይገድለው ይችላል። እርሾ ግን ሳንባ የለውም። ልጆች ድንጋዩን ሲቀጠቅጡ፣ የደረቀው ሰሌዳ በዳስተር ሲጠረግ፣ ዱቄቱ ብናኝ ሆኖ በአፍንጫ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1837 ኩፐር የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ በሚፈጩ ሠራተኞች ላይ ያየውን በሽታ ጽፎ ነበር። ሰዎቹ እግራቸው ይከዳቸዋል፣ አካሄዳቸው ይንገዳገዳል፣ ድምፃቸው ይደክማል። ይህ በሽታ ዛሬም በማዕድንና በብየዳ ሥራ ላይ የሚታወቅ የነርቭ ጉዳት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሰሌዳ የቀባ ተማሪ እንደነዚያ ሠራተኞች ይታመማል አንልም። ነገር ግን መምህሩ በየቀኑ ከሰሌዳው ሥር ይቆማል፤ የፊተኛው ዴስክ ተማሪም በየቀኑ ከሰሌዳው ሥር ይቀመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ ሁሉ ብረትም ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ከዚህም ሌላ ጨው የቋጠረው ርጥብ ዱቄት ቆዳን ይለበልባል፤ ዓይንም ውስጥ ከገባ ጉዳት ያደርሳል።

ለዚህ አሳባችን ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሳ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ስንት ዘመን ስንቀባ ኖረናል፤ ማን ሞተ?» የሚል ነው። ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነገር ጠባዩ ይኸው ነው፤ የሞተውን በባትሪ ሞተ የሚል መዝገብ የለም፤ ስለሌለም ጉዳት የለም አይባልም። በቤንዚን ውስጥ የሚጨመረውም እርሳስ ከ1920ዎቹ ጀምሮ «ማን ሞተ?» እየተባለ በዓለም ሁሉ ሲነድ ኖሯል። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ መሸጡን ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። መቶ ዓመት የተለመደ ነገር መቶ ዓመት ትክክል ነበር ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው። «ቀለም መግዣ ገንዘብ የለም፤ ሰሌዳው ነጥቶ ተማሪው ሳያነብ ይቅር ወይ?» ይባላል። አይቅር! ግን ጥቁር ነገር የሚገኘው ከባትሪ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ከዚሁ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ብንጠይቅ መልስ እናገኛለን። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበትና መጻሕፍት ያሰባሰቡበት ይህ ገዳም ነው። እርሳቸው ለገዳሙ ያበረከቱት የብራና ወንጌል ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት እጅግ ቀደምት የኢትዮጵያ ብራናዎች አንዱ ነው። የአገራችን ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት በጥንቱ ሙያ ከጥቀርሻና ካረረ እህል፣ ከሙጫ ጋር ለውሰው ነው። ጥቀርሻ ካርቦን ነው። ብርሃን አያነጣውም፤ ለዚህም ነው የብራናው ጽሕፈት ለዘመናት ጥቁር ሆኖ የሚኖረው።

ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው የምጣድና የድስት ጥቀርሻ በሥሱ ተነፍቶ፣ በግራር ሙጫ ተለውሶ ሰሌዳው ይቀባ የሚል ነው። ጉድለቱንም አንሸሽግም። የግራር ሙጫ በውሃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ሰሌዳው በርጥብ ጨርቅ ከተወለወለ ይለቃል፤ በደረቅ ጨርቅ መጠረግ፣ ሲነጣም እንደገና መቀባት ይፈልጋል። ጥቀርሻም ቢሆን ወደ አፍንጫ የሚማግ ነገር ስላልሆነ ሲነፋ አፍና አፍንጫ በሻሽ ይሸፈን፤ ሥራውም የሕፃናት ሳይሆን የትልልቅ ሰዎች ይሁን። ት/ቤቱ አቅም ካለው ደግሞ እርሳስ የሌለበት የሰሌዳ ቀለም ይግዛ። ለአንድ ክፍል ሰሌዳ የሚፈጀው ቀለም ት/ቤትን አያደኸይም።

አሳባችንን ለማጠቃለል፣ በተቋማችን እንዲሠራ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

1. በሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ትምህርት ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ቀጥቅጦ ሰሌዳ መቀባት እንደ ጥሩ ምሳሌ መጠቀሱ ይቅር፤ በምትኩ ጥቀርሻውና ሙጫው ይሞከር፣ ውጤቱም በዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

2. የእርሾው ሙከራ ከማስጠንቀቂያዎቹ ጋር እያንዳንዱ ሠልጣኝ በእጁ ሠርቶት ይውጣ። በሰሌዳ ላይ የተሳለ ፊኛ አይነፋም።

3. በግቢያችን ውስጥ ያለቁ ድንጋዮች የሚጣሉበት ክዳን ያለው በርሜል፣ ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጥ። አይቃጠሉ፤ አይቀበሩ፤ ለልጆች መጫወቻ አይሰጡ። በርሜሉ ሲሞላ ምን እንደሚደረግ የሚመለከተው የመንግሥት ክፍል ይጠየቅ። በርሜል ማስቀመጥ የመጨረሻው መፍትሔ አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ወደ ሐይቁ ከሚሄድ ግን በርሜል ውስጥ መቀመጡ ይሻላል።

4. በአካባቢያችን ወንዞችና በሐይቁ ላይ የሚደረጉ የምርመራ ውጤቶች በመደርደሪያ ከሚቀሩ፣ ቁጥራቸው በአማርኛ ተተርጉሞ ለት/ቤቶች ይድረስ። ለኢራቅ ገበሬ በስፓኝ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ምን ጠቀመው?

ከነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው የማንንም ፈቃድና በጀት አይጠይቅም። ከእኛ መካከል በሚቀጥለው ዓመት ሐምሳና ስድሳ ተማሪ ፊት የሚቆም አለ። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ድንጋይ ይዘን እንምጣ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ታላላቆቻቸው ሲያደርጉት አይተዋልና። ያን ጊዜ «አታምጡ» ማለት ብቻ አይበቃም። ለምን እንደማያመጡ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በሚያውቁት እርሾ አስረድቶ፣ በምትኩ ምን ይዘው እንደሚመጡ የሚነግራቸው መምህር ያስፈልጋል። ልጆቹም የተማሩትን ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ፤ ሜዳ ላይ የተጣለውን ድንጋይ የሚያነሳው ታናሽ ወንድማቸው ያለው እዚያ ነው።